«የማን?» ጤናማ የደም ግፊት ከልጅነት እስከ እርጅና

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር ጽሑፍ ኮርስ ስለ ጤና አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። እኔ ስለ ደም ግፊት ጻፍኩ። ሌላ ርዕስ ጠፍቶኝ ሳይሆን ነገሩ ቤታችን ገብቶ ስላየሁት ነው። ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስልኝ ከሦስተኛው አንቀጽ ጎን በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል። የእኔ ዐረፍተ ነገር «ጤናማ የደም ግፊት 120 በ80 ነው» ይላል። መምህራችን ከጎኑ የጻፉት «የማን?» የሚል ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። የማን ይሆናል፣ የሰው ነዋ! ሁላችንም ስንሰማው ያደግነው ይኸው ቁጥር አይደል? በኋላ ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። የእኛ ቤት ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው። አያቴ፣ አባቴና እናቴ፣ እህቴና እኔ፣ ከእኛ በታች ደግሞ ሁለት የእህቴ ልጆች አሉ፤ አራት ትውልድ መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራ የእህቴ ጓደኛ አለች፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። መለኪያዋን ይዛ መጣችና የአምስት ወሩ ሕፃን ሲቀር ሁላችንንም በተራ ለካችን። የስድስት ሰው ቁጥር ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አንዱ ካንዱ አይገናኝም። «እሺ፣ ጤነኛው የቱ ነው?» ብዬ ደብተሩን ሳሳያት «ቁጥሩን ብቻ አይቼ አልነግርህም፤ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ንገረኝ» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ ምሽት ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል

ሙያችን ቃል ነውና ከስሙ ልጀምር። ሕዝባችን ከፍተኛ የደም ግፊትን «ደም ብዛት» ይለዋል። ስሙን የሰማ ሰው ደሙ በመጠን የበዛ ይመስለዋል። ግፊቱ ዝቅ ያለበት ደግሞ «ደም ማነስ አለብኝ» ይላል። ደም ማነስ ግን ሌላ ነገር ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ማነሱ እንጂ የግፊት መውረድ አይደለም። አንድ ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ይችላሉ። ይሁን እንጂ አንዲት ጎረቤታችን «እኔ ደም ማነስ ስላለብኝ ደም ብዛት አይነካኝም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተሳሳተ ስም እንዲህ ሰው ያዘናጋል።

ለመሆኑ የደም ግፊት ምንድን ነው? ልብ ደምን ስትገፋ ደሙ በደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። ግፊት ከሌለ ደም ወደ አንጎል ሊወጣ፣ ወደ ኩላሊት ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ግፊት በራሱ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው ከሚገባው በላይ ሲሆንና እንደዚያው ሆኖ ሲቆይ ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ተኮማትራ ደም ስትገፋ ያለውን ግፊት ያሳያል። የታችኛው ደግሞ ልብ ላልታ በደም በምትሞላበት ጊዜ ያለውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1733 እስጢፋኖስ ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በፈረስ ደም ቧንቧ ላይ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ አስገብቶ ደሙ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ሽቅብ መውጣቱን ጽፎ አሳተመ። ሰውን እንዲህ መለካት አይቻልም። በ1896 ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውንና በአየር የሚሞላውን መለኪያ ሠራ። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ተከትሎ ላይኛውንም ታችኛውንም ቁጥር ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በዲጂታል መለኪያ ብንለካም ቁጥሩ የሚነገረው ያው በጥንቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው።

ልጆች፦ ትንሹ ቁጥር ለነሱ ትልቅ ነው

የእህቴ ትልቁ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ሲስተር ለልጅ የሚሆን ጠባብ መጠምጠሚያ ይዛ መጥታ ነበርና ስትለካው 98 በ60 ሆነ። አያቴ «ውይ፣ ልጁ ደም የለውም እንዴ?» ብላ ደነገጠች። የሚያስደነግጥ ነገር ግን አልነበረም። አዲስ የተወለደ ሕፃን የላይኛው ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 75 ገደማ ነው። ልጁ እያደገ ሲሄድ ቁጥሩም አብሮ ያድጋል። አሥር ዓመት አካባቢ ሲደርስ ወደ 100 በ60 ይጠጋል። የእኔን «120 በ80» ይዘን ብንሄድ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ያ ቁጥር ከፍተኛ ግፊት ነው።

ለዚህ ነው ለልጆች አንድ ቁጥር የማይቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ያያቸዋል። ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው የአዋቂው መስፈርት የሚሠራው። ትንሽ ልጅ ላይ ግፊት ከፍ ብሎ ከተገኘ ሐኪሞች በቅድሚያ ኩላሊትን ይጠረጥራሉ። ለአዋቂ የተሠራ ሰፊ መጠምጠሚያ በልጅ ክንድ ላይ ከታሰረ ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ ይመጣል። በተቃራኒው ጠባቡ በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ያለ በሽታ በሽተኛ ያደርጋል።

እኛ ወጣቶቹ

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ፤ 136 በ84። ሀያ አንድ ዓመቴ ነው፣ እግር ኳስ እጫወታለሁ፣ ጉድ ፈላ አልኩ። ሲስተር ግን «አሁን ምን ስታደርግ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። በረካውን ጠጥቼ ስኒውን ገና ማስቀመጤ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከልጁ ጋር ግቢ ውስጥ ስሮጥ ነበር። በነጋታው ጠዋት፣ ቡና ሳልቀምስ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀምጬ ስለካ 118 በ74 ሆነ። ያው እኔው ነኝ።

ለአዋቂ ሰው ከ120 በ80 በታች መሆን ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የደም ግፊት የሚለው በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140ና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90ና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ግን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መነሻውን ወደ 130 በ80 አውርደውታል። ስለዚህ «ድንበሩ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እንኳ «በየትኛው መመሪያ?» ማለት ያስፈልጋል።

ከመካከላችን ቀጠን ያሉ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ 100 በ60 ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ይኖራቸዋል። የማዞር ወይም ራስን የመሳት ችግር እስከሌለ ድረስ ይህ ጤና ነው። «ግፊቴ ወርዷል» እያሉ ጨው መጨመር አያስፈልግም። ይልቅ የሚያሳስበው የፈተና ሰሞን ነገራችን ነው። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ሲጋራም እንዲሁ። «እኛ ወጣት ነን፣ ይሄ የሽማግሌ በሽታ ነው» የምንል ካለን ደግሞ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል።

እህቴ፦ ያው ቁጥር በእርግዝና ጊዜ

የእህቴ ቁጥር በዚያ ምሽት 112 በ72 ነበር። ያለፈው ዓመት ታሪኳ ግን ሌላ ነው።

በእርግዝና ወቅት ግፊት በመጀመሪያዎቹና በመካከለኞቹ ወራት ዝቅ ይላል፤ ወደ መውለጃው ሲቃረብ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እህቴም በመጀመሪያው ክትትሏ 104 በ66 ነበረች። በሠላሳ አራተኛው ሳምንት ግን 142 በ92 ሆነች። ምንም አላመማትም። እግሯ ትንሽ አብጧል፤ አያቴም «እርጉዝ ሴት እግሯ ያብጣል፣ እኔ ስድስት ወልጃለሁ» ብላ አጽናንታታለች። 142 በ92 በአንድ የሃምሳ ዓመት ሰው ላይ ቢገኝ «እንደገና እንለካዎት፣ ጨው ይቀንሱ» ይባል ይሆናል። በእሷ ላይ ግን ጤና ጣቢያው በዚያው ቀን ሽንቷን መርምሮ ፕሮቲን ስላገኘበት ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት።

ከሃያኛው ሳምንት በኋላ ግፊት 140 በ90 ሲደርስና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ሲጎዱ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም የአደጋ ምልክቶቹ ናቸው። ሳይታከም ሲቀር ወደሚያንቀጠቅጠው ኤክላምፕሲያ ሊያልፍ ይችላል። በሀገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ሊከሰት ስለሚችል መለካቱ አይቋረጥም። እህቴ ማግኒዥየም ሰልፌት ተሰጥቷት፣ ክትትል ተደርጎላት በሰላም ተገላገለች። የአምስት ወሩ ሕፃን እሱ ነው። ያን ቀን «እኔ ደህና ነኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» ስትል እጇን ይዛ ያስነሳቻት እናቴ ነበረች። እናቴ ለምን እንደዚያ እንደቸኮለች ለመረዳት የአባቴን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

አባቴ፦ «ለዕድሜዎ ደህና ነው»

አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በአንድ ጤና ተቋም ተለክቶ 156 በ94 ሆነ። «ለዕድሜዎ ደህና ነው፣ ብዙ አይጨነቁ» ተባለ። አባቴም ቤት መጥቶ ይህንኑ ደስ ብሎት ነገረን። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ቦታ ሲለካ 168 ደርሶ ክኒን ታዘዘለት። አንድ ወር ወሰደና ተወው። «ምንም አላመመኝም፣ ለምን ክኒን እለምዳለሁ?» ይል ነበር። በምትኩ ነጭ ሽንኩርትና የሺፈራው ቅጠል ቀጠለ። ነጭ ሽንኩርት መብላት ክፋት የለውም። ክፋቱ የክኒኑን ቦታ መውሰዱ ነው።

በሃምሳ አራት ዓመቱ አንድ ማለዳ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሊጠራን ሞከረ፤ ምላሱ ተሳሰረ። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ስትሮክ ነበር። ሕይወቱ ተርፏል፣ ይናገራልም። በቀኝ እጁ ግን ከዚያ በኋላ ጠመኔ አልያዘም።

«ለዕድሜው ደህና ነው» የሚለው አነጋገር የመጣው ከየት ነው? ድሮ የላይኛው ግፊት «100 ሲደመር ዕድሜ» እስከሆነ ድረስ አያሳስብም የሚል ልማድ በሐኪሞችም ዘንድ ነበር። በዚህ ስሌት የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው 156 ቢኖረው ጤነኛ ሊባል ነው! ስሌቱ ስህተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ አነጋገሩ ግን ከሰው አፍ አልወጣም።

የዚህን አነጋገር ዋጋ ከአባቴ በፊት የከፈሉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት። (በዚህ ታሪክ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1937 ግፊታቸው 162 በ98፣ በ1941 ደግሞ 188 በ105 ነበር። መጋቢት 1944 ሐኪሙ ሃዋርድ ብሩን ሲመረምራቸው 186 በ108 አገኘ፤ ልባቸውም ተዳክሞ ነበር። የግል ሐኪማቸው ሮስ ማክንታየር ግን ፕሬዚዳንቱ በዕድሜያቸው ላለ ሰው ጤንነታቸው ጥሩ እንደሆነ ለጋዜጠኞች ይናገር ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን የምናውቀው የአፄ ኃይለ ሥላሴና የሩዝቬልት ግንኙነት በየካቲት 1945 ግብፅ ውስጥ በመርከብ ላይ ሲካሄድ ሰውየው የቀራቸው ሁለት ወር ብቻ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ቀን የተለካው ግፊት 300 በ190 ነበር። ብሩን የሕክምና ማስታወሻውን ያሳተመው በ1970 ነው። በጊዜው ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች አልነበሩምና ሐኪሞቹ ቢያውቁም ብዙ ማድረግ ባልቻሉ ነበር። ለአባቴ ግን መድኃኒቱ ነበረ።

ይህን ሳነብ እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ የታየኝ ሌላ ነገር አለ። «በዕድሜያቸው ላለ ሰው ጥሩ ነው» ሲባል «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። እኛም አባታችንን አልጠየቅነውም።

የእናቴ ቁጥር በዚያ ምሽት 134 በ86፣ የአባቴ 132 በ80 ነበር። ሲታዩ ሁለቱ እኩል ሊባሉ ምንም አይቀራቸው። የአባቴ ግን በየቀኑ ክኒን እየዋጠ የወረደ ነው፤ ስለዚህ ደስ ያሰኛል። የእናቴ ያለ መድኃኒት ወደ ላይ የጀመረ ነው። ሴቶች በወጣትነታቸው ከወንዶች ዝቅ ያለ ግፊት ቢኖራቸውም የወር አበባ ካቆመ በኋላ ከፍ እያለ ይሄዳል። ሲስተር የአባቴን ትታ የእናቴን ቀጠሮ ያዘችው ለዚህ ነው።

አያቴ፦ የላይኛው ሲወጣ የታችኛው ሲወርድ

አያቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። 164 በ72። የታችኛው ቁጥር ከእኔ እንኳ ያንሳል፣ ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ የደም ቧንቧዎች ዕድሜ ሲገፋ እየደረቁ መሄዳቸው ነው። አዲስ ጎማ ውኃ ሲገባበት ይለጠጣል፤ የደረቀ ጎማ አይለጠጥም። ስለዚህ የላይኛው ቁጥር ይወጣል፣ የታችኛው ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በኋላ እየወረደ ይሄዳል። በአረጋውያን ላይ የላይኛው ብቻውን መውጣቱም በሽታ ነው፤ ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የታተመው ሃይቬት የተባለ ጥናት ዕድሜያቸው 80ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ግፊታቸው ሲታከም ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። «እንግዲህ አርጅታለች፣ ምን ያደርግላታል» ማለት ተቀባይነት የለውም።

በሌላ በኩል የሽማግሌ ግፊት በችኮላ አይወርድም። ሲስተር አያቴን ተቀምጣ ከለካቻት በኋላ አስነስታ እንደገና ለካቻት፤ የላይኛው 140 ሆነ። ሰው ቆሞ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ማዞርና መውደቅ ሊከተል ይችላል። በዚያ ዕድሜ የወደቀ ሰው ዳሌውን ሊሰበር ይችላል። አያቴ ሌሊት ስትነሳ ግድግዳ የምትይዘው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «እማማ፣ መጀመሪያ አልጋው ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ትንሽ ቆይተው ይነሱ» አለቻት። ስንት ቁጥር ላይ መድረስ እንዳለባት የሚወስነው ሐኪሟ ነው።

እንግዲህ ግፊት ከዕድሜ ጋር መውጣቱ የግድ ነው ወይ? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው ኢንተርሶልት የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት በአማዞን ጫካ የሚኖሩትን ያኖማሚ የተባሉ ሕዝቦች ለክቶ አማካይ ግፊታቸው ወደ 95 በ61 ሆኖ አግኝቶታል፤ በሽማግሌዎቻቸውም ላይ እንደኛ አይጨምርም። እነዚህ ሰዎች ጨው የሚባል ነገር የማይበሉ ያህል ናቸው፣ ቀን ሙሉም ይንቀሳቀሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ወጡ፣ ዳቦው፣ ሽሮው ሁሉ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከዕድሜያችን ጋር የሚጨምረው ነገር በከፊል የአኗኗራችን ነው።

እንዴት እንለካ?

ለሁሉም ዕድሜ የሚሠራው ደንብ ይኸውና። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ሩጫ የለም። ሽንት ከመጣ መጀመሪያ መሽናት ነው። ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ መሬት ላይ አድርጎ አምስት ደቂቃ መቀመጥ፤ ክንድ ከልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ መጠምጠሚያው በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል፤ እየተለኩ ወሬ የለም። ከዚያ ሁለቴ መለካት፣ በሌላ ቀንም መድገም። ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ ግፊቱ የሚወጣ ሰውም አለና።

ከሁሉም በላይ ግፊት አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከአምስት ታማሚዎች አራቱ በቂ ሕክምና አያገኙም። የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል፣ የምላስ መተሳሰር ድንገት ከታየ ደግሞ ለነገ የማይባል ነውና ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ወረቀቴን አርሜ ስመልስ ያቺን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ጻፍኳት፤ «አብዛኛው አዋቂ ግፊቱ ከ120 በ80 በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ልጅ ከዚህ ያነሰ አለው፣ እርጉዝ ሴት 140 በ90 ከደረሰች የዚያኑ ቀን መታየት አለባት፣ ዕድሜ ግን ለማንም ከፍተኛ ግፊትን ጤናማ አያደርግለትም።» ረዘመች፣ አውቃለሁ። ለርዕሰ ዜና አትመችም። ግን «የማን?» ለሚለው መልስ አላት።

ቤታችን አሁን ግድግዳው ላይ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል። የሁሉም ስም አለበት። የአባቴን መስመር የሚሞላው ራሱ ነው፤ በግራ እጁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ በተጣመመ ቁጥር ቀኑንና ግፊቱን ይጽፋል። ውድ አንባብያን፣ ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አባታችሁን «ግፊትህ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ለዕድሜዬ ደህና ነው» ካላችሁ ቁጥሩን እስኪነግራችሁ አትልቀቁት።

ቸር ይግጠመን።